ለማኑዋል ፎከስ የካሜራን ፎከሲንግ ስክሪን እንዴት እንቀይራለን?

በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቶ ሰርግ የሚያነሳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በቪውፋይንደር (ዓይናችንን አስጠግተን በምናይበት የካሜራው መስኮት) ሲታይ የሙሽራዋ ዓይን ጥርት ብሏል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የጠራው ጆሮዋ ነው። በአሮጌ ማኑዋል ሌንስ ለሚሠራማ ይብሳል። ጥፋቱ የእጅ ብቻ አይደለም። በኦቶፎከስ ካሜራዎች ውስጥ ከፋብሪካ ተገጥሞ የሚመጣው ስክሪን የተሠራው ምስሉን ብሩህ አድርጎ ለማሳየት እንጂ ፎከስን በዓይን ለመለየት አይደለም።

ፎከሲንግ ስክሪን ማለት በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ በተጋደመው መስታወት ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያርፍበት ስስ ፕላስቲክ ነው። በቪውፋይንደር የምናየው እዚህ ፕላስቲክ ላይ የተሣለውን ምስል ነው። ፎከሱ ትክክል የሚሆነው ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው የብርሃን መንገድ ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ካለው ጋር ፍጹም እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የዘመኑ ስክሪን ደግሞ ሌንሱ ኤፍ 1.4 ቢከፈትም የሚያሳየን የኤፍ 2.8ን ያህል ጥልቀት (ከፊት እስከ ኋላ ጠርቶ የሚታየው ርቀት) ነው። ለዓይን የጠራ የመሰለው ሁሉ ሴንሰሩ ላይ ያልጠራው ለዚህ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ዳዮፕተሩን አስተካክሉ። ከቪውፋይንደሩ ጎን ያለችው ትንሽ መዘውር ናት። ሌንሱን ደማቅ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩና ፎከሱን ሆን ብላችሁ አጥፉት። ከዚያ ግድግዳውን ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ያሉትን የፎከስ ነጥቦች ምልክት እያያችሁ፣ መስመራቸው እንደ ምላጭ እስኪቀጥን መዘውሯን አዙሩ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በምትሠሩበት ሁኔታ፣ መነጽሩን እንዳደረጋችሁ ሞክሩ። ስክሪን ለመቀየር ከሚያስቡት ውስጥ ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቀጥሎ የካሜራውን ዓይነት ለዩ። መስታወት የሌለው ካሜራ ፎከሲንግ ስክሪንም የለውም። የካኖን 40ዲ፣ 50ዲ፣ 60ዲ፣ 6ዲ፣ የመጀመሪያው 5ዲ እና 5ዲ ማርክ 2 ስክሪናቸው ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይረው ተብሎ የተሠራ ነው። 5ዲ ማርክ 3 እና 7ዲ ግን አይደሉም፤ እነዚህን መነካካት አንመክርም። እንደ ኒኮን ዲ90 እና ዲ7000 ያሉት መሐል ቤት ናቸው፦ አምራቹ ቀይሩ አይልም፣ ስክሪኑ ግን በቀጭን ሽቦ ብቻ ስለተያዘ ለእነሱ ተቆርጦ የሚሸጥ ስክሪን አለ። በፊልም ከሚሠሩት ኒኮን ኤፍኤም2 እና ኤፍኢ2 በሌንሱ አፍ በኩል በወረንጦ ይቀየራሉ።

ሥራችሁ ስታንድ ላይ የቆመ ካሜራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የምግብ ወይም የዕቃ ፎቶ፣ ስክሪን አትቀይሩ። ላይቭ ቪውን (ምስሉን በካሜራው ጀርባ ማሳያ የሚያሳየውን) ከፍታችሁ ምስሉን 10 እጥፍ አጉልቶ ፎከስ ማድረግ ከማንኛውም ስክሪን የበለጠ ትክክል ነው። ስክሪን መቀየር የሚጠቅመው ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ከሚንቀሳቀስ ሰው ጋር ለሚሠራ ነው።

የትኛውን ስክሪን?

ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው ማት (ደብዛዛ ገጽ) ብቻ የሆነ፣ ፎከሱን አሳምሮ የሚለይ ስክሪን ነው። ለካኖን 40ዲ፣ 50ዲ እና 60ዲ የተሠራው ኢኤፍ-ኤስ ይባላል፤ ለ5ዲ ማርክ 2 እና ለ6ዲ ኢጂ-ኤስ፣ ለመጀመሪያው 5ዲ ኢኢ-ኤስ። ስታዙ ተጠንቀቁ፤ ኢኤፍ-ኤስ የሚለው ስም ከካኖን የሌንስ ዓይነት ስም ጋር አንድ ስለሆነ፣ "የፎከሲንግ ስክሪን" ብላችሁ ካልጻፋችሁ ሻጩ ስለ ሌንስ ነው የሚያወራችሁ። እነዚህ ስክሪኖች የታሰቡት ኤፍ 2.8 እና ከዚያ በላይ ለሚከፈቱ ሌንሶች ነው። በኤፍ 5.6 ሌንስ ቪውፋይንደሩ ይጨልማል።

ሁለተኛው መሐሉ ላይ ክብ ያለው ስፕሊት ስክሪን ነው። ክቡ በአግድም ለሁለት ተከፍሏል፤ ፎከስ ሲስት ቀጥ ያለ ነገር መሐሉ ላይ እንደተሰበረ እንጨት ሆኖ ይታያል፣ ፎከስ ሲገባ ይገጥማል። በብዙዎቹ ክቡን የሚከብ የሚብለጨለጭ ቀለበት አለ፤ ማይክሮፕሪዝም ነው፣ ፎከስ ሲገባ ብልጭልጩ ይረጋል። ለእነዚህ ዲጂታል ካሜራዎች ስፕሊቱን የሚሠሩት ከካሜራው አምራች ውጭ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ የቁመት ልካቸውን ሳትፈትሹ አትመኑ። የኦቶፎከስ ነጥቦቹ ምልክት በአዲሱ ስክሪን ላይ ላይኖር ይችላል። ኦቶፎከሱ ግን አይጠፋም፤ የሚሠራበት ሴንሰር ከመስታወቱ ሥር ወለሉ ላይ ነው።

የእኛ ምክር ግልጽ ነው። የሰው ፊት በኤፍ 1.4 ወይም በኤፍ 1.8 ለሚያነሳ ማቱ ይሻላል፤ ፎከሱን የትም ጥግ ላይ ማየት ይቻላል። ስፕሊቱ መሐል ብቻ ነው የሚሠራው። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ ብቻ ለያዘ ደግሞ ስፕሊቱ ከንቱ ነው፦ ከኤፍ 5.6 ጀምሮ የክቡ ግማሽ ይጠቁራል፤ ምክንያቱም ጠባብ አፐርቸር የሚልከው ብርሃን የፕሪዝሞቹን ዘንበል አያሟላም።

ሄሊዮስ 44-2ን የመሰለ ኤም42 (እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባ አሮጌ) ሌንስ ያላችሁ፣ በካኖን ላይ በቀላል አዳፕተር ይገባል። የኤም42 ሌንስ ከአንገቱ እስከ ሴንሰሩ 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፣ ካኖን 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱን አዳፕተሩ ይሞላዋል። ኒኮን ግን 46.5 ስለሆነ ሌንስ የሌለበት አዳፕተር ሩቁን አያጠራም። በዚህ ላይ ስክሪን ብትቀይሩ ምንም አይፈይድም።

ቦታና ዕቃ

ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። ጠላቱ አቧራና የጣት ቅባት ነው። ጅማ ላይ ለዚህ ጥሩ ጊዜ የሚገኘው ዝናብ ዘንቦ ባቆመበት ጠዋት ነው፤ አየሩ ታጥቧል፣ እርጥበቱም ፕላስቲኩ ላይ አቧራ የሚጠራውን ኤሌክትሪክ ይቀንሰዋል። በበጋ ከሆነ የክፍሉን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መብራት ድንገት ሊሄድ ስለሚችል በቀን፣ መስኮት አጠገብ ሥሩ። ምንጣፍ ያለበት ክፍልና የሱፍ ሹራብ አይሆኑም።

የሚያስፈልገው ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ወረንጦ (ከኦሪጂናል የካኖን ስክሪን ጋር አብሮ ይመጣል)፣ የአየር መንፊያ ጎማ፣ ዱቄት የሌለው የሐኪም ጓንት፣ ክዳን ያለው ንጹሕ ብልቃጥና ነጭ ወረቀት ነው። የካሜራ መንፊያ ካጣችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ ይሠራል፤ አስቀድማችሁ ግን እጃችሁ ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ንፉት፣ ውስጡ ዱቄት ሊኖረው ይችላል። በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይቻልም፤ የምራቅ ጠብታ ደርቆ ይቀራል።

አልኮል፣ የመነጽር ማጽጃ፣ አሴቶን አጠገቡ አይድረስ። ስክሪኑ አክሪሊክ ነው፣ ገጹ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ነው። የጣት አሻራ ከገባበት በሚወለውል ጨርቅ ወደ ጉብታዎቹ ጠልቆ ይገባል እንጂ አይወጣም። የያዛችሁት ነገር በ0.01 ሚሊ ሜትር የሚቆጠር መለኪያ ነው፤ እንደዚያው ያዙት።

አቀያየሩ

ባትሪው ሳይወጣ አንድ ነገር አድርጉ። አፐርቸር ፕራዮሪቲ (አፐርቸሩን እናንተ፣ ሻተሩን ካሜራው የሚመርጥበት) ላይ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 4፣ በእኩል ብርሃን የተሞላ ነጭ ግድግዳ ክፈፉን ሞልታችሁ አንድ ፎቶ አንሱና የሻተሩን ቁጥር ጻፉት። በኋላ ያስፈልጋል።

1. ካሜራውን አጥፉ፣ ባትሪውን አውጡ። በዲ7000 እና መሰሎቹ ባትሪ ሲወጣ ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ ከስክሪኑ በላይ ያለው ኤልሲዲ ኃይል ስላጣ ነው።

2. ሌንሱን አውጡ። ወደ ውስጥ ያለውን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ፦ ስክሪኑ የተቀመጠበት አቅጣጫ፣ ጆሮው (ከስክሪኑ ጠርዝ ወጣ ያለችው ቅጥያ) የት በኩል እንደሆነ፣ ሽቦው የት እንደተንጠለጠለ። ከዚያ የካሜራውን አፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ንፉ፤ አቧራው ወደ ውጭ ይውደቅ።

3. በካኖኖቹ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ መያዣ በወረንጦው ጫፍ ስትነኳት ፍሬሙ ከነስክሪኑ ወደ ታች ይወርዳል። በሽቦ በተያዙት ግን ካሜራውን ገልብጣችሁ ያዙ፤ ስክሪኑ መስታወቱ ላይ አይወድቅም። ሽቦውን ወደ ውስጥና ወደ ስክሪኑ ገፋ ስታደርጉት ከመንጠቆው ይለቃል። ለመልቀቅ እምቢ ካለ አቅጣጫው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ኃይል አትጨምሩ።

4. ስክሪኑን በጆሮው ብቻ ያዙ። ሌላ ቦታ አይነካም። ወደ ብልቃጡ አስገቡና ክደኑት፣ አንድ ቀን ልትመልሱት ትችላላችሁ።

5. ሺሟን ፈልጉ። ከስክሪኑ በላይ፣ በስክሪኑ ዙሪያ ልክ የተቆረጠች ስስ ክፈፍ ልትኖር ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ጋር ተጣብቃ ትወጣና ሳትታይ ነጭ ወረቀቱ ላይ ትቀራለች። ፋብሪካው ለእናንተ ካሜራ ለክቶ የመረጣት ናት፣ ወደ ቦታዋ ትመለስ። በአንዳንድ ካሜራ የለችም።

6. አዲሱን ስክሪን በጆሮው ይዛችሁ ሁለቱንም ፊት ንፉ፣ በፎቶው አቅጣጫ መሠረት አስቀምጡ፣ ፍሬሙን ቀጭ እስኪል ወደ ላይ ግፉ። ቀጭ ካላለ ጆሮው ከጎድጓዱ ወጥቷል፤ አውርዳችሁ እንደገና አስቀምጡት። ሽቦ ከሆነ በመጣበት መንገድ መልሱ።

7. ሌንስና ባትሪ መልሱ። በካኖኖቹ ሜኑ ውስጥ ከስተም ፋንክሽን ግቡና የገባውን ስክሪን ዓይነት ምረጡ። ይህን የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ ከተረሳ የብርሃን ልኬቱ ይሳሳታል።

ስክሪኑ ከእጅ አምልጦ መስታወቱ ላይ ከወደቀ በወረንጦ አታሳዱት። የመስታወቱ ብር ከላይ ነው የተቀባው፤ ሲነካ ይጫራል። ካሜራውን ቀስ ብላችሁ አዘንብላችሁ ወደ እጃችሁ አውርዱት።

በቪውፋይንደር ውስጥ አንድ ሁለት ጥቁር ነጥብ ብታዩ ተዉት። ስክሪን ላይ ያለ አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም። ፎቶ ላይ የሚወጣው የሴንሰሩ ነው። ለአንዲት ነጥብ ሲባል አራት ጊዜ የተከፈተ ካሜራ ሲጨርስ አርባ ነጥብ ይዞ ነው።

በቡና ፍሬ ፈትሹት

ስክሪን ገብቶ ካልተፈተሸ ሥራው ግማሽ ነው። የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑ በዚያች ብቻ ከቦታው ቢርቅ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1 ሜትር ላይ ያለው ፎከስ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። በ60ዲ ላይ ኤፍ 1.8 ከፍታችሁ በ1 ሜትር የሚጠራው ጥልቀት ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስሕተቱ ከጥልቀቱ በለጠ ማለት ነው።

ለዚህ ውድ መለኪያ አያስፈልግም። ጅማ ላይ ከማንም ቤት 20 ጥሬ ቡናና 1 የተቆላ ቡና አይጠፋም። ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያ ዘርግታችሁ ፍሬዎቹን በየ1 ሴንቲ ሜትሩ፣ ስንጥቃቸው ወደ ላይ፣ ከካሜራው እየራቁ እንዲሄዱ ደርድሩ፦ 10 ጥሬ፣ መሐል ላይ የተቆላው፣ ከዚያ ሌላ 10። ከተቆላው ፍሬ ጎን የክብሪት ቀፎ አቁሙ፤ የፊት ጠርዙ ከፍሬው ጋር እኩል ይሁን። ካሜራው ስታንድ ላይ፣ ከቀፎው 1 ሜትር ርቆ፣ ከጠረጴዛው ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል።

አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በቪውፋይንደር እያያችሁ የቀፎውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ፎከስ አድርጉ፣ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ። ፎከሱን አጥፍታችሁ እንደገና፤ አምስት ጊዜ ድገሙት፣ አንዴ ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ አንዴ ከቅርብ ወደ ሩቅ እየመጣችሁ። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ የፍሬዎቹን ስንጥቅ ተመልከቱ። ስንጥቁ ውስጥ ያለው ስስ ቅርፊት ፎከስ ያለበት ቦታ ላይ ጫፉ ሳይቀር ይቆጠራል፤ አንድ ሁለት ፍሬ እንዳለፈ ይደበዝዛል። የተቆላው በአምስቱም ከጠራ ጨርሳችኋል። አምስቱ የተለያየ ከሆነ ችግሩ የዓይን ነው፣ ወደ ዳዮፕተሩ ተመለሱ። አምስቱም ወደ አንድ በኩል ከሳቱ የስክሪኑ ቁመት ነው።

የጠራው ፍሬ ከተቆላው ኋላ ከሆነ ስክሪኑ ከመስታወቱ ርቋል። ሺሟ ከስክሪኑ በላይ በሆነችበት ካሜራ ተጨማሪ ሺም ስክሪኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ያ መድኃኒቱ ነው። የጠራው ከፊት ከሆነ ሺሟን በቀጠነች ቀይሩ። አራት ፍሬ መሳት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ፍሬ ግማሹ ነው፤ ቆጥራችሁ እዘዙ። ወረቀት ቆርጦ መክተት ግን አይሆንም። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፣ ወረቀት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ክሩም ስክሪኑ ላይ ይረግፋል። ሺም ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ይሁን።

የብርሃን ልኬት

አብዛኛው የዲጂታል ካሜራ ብርሃን የሚለካው ስክሪኑን ከላይ ሆኖ እያየ ነው። ስክሪኑ ሲቀየር የሚያየው ይቀየራል። ያንኑ ግድግዳ በዚያው ብርሃን እንደገና አንሱና ቀድሞ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩ። 1/100 የነበረው 1/50 ካለ ካሜራው አንድ ስቶፕ (በግማሽ) ጨለመብኝ ብሎ ፎቶውን ያነጣዋል፤ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (የብርሃን ማስተካከያውን) ቀንስ አንድ (-1) ላይ አድርጉት። ስፕሊት ስክሪን ላይ ስፖት ሜትርን (የመሐሉን ብርሃን ብቻ የሚለካውን) አትመኑ፣ ክቡ ልክ የሚለካበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ በሌንሱ አፐርቸር መጠን እየዋዠቀ ይሳሳታል።

ከዚያ በኋላ

ስፕሊት ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ጀበና ክብ ነው፣ ፎከስ ለማድረግ የጆሮውን ጠርዝ ያዙ። ነጠላ ለለበሰች እናት የጥለቱ ጠርዝ ከፊቷ ጎን የሚወርድበት ቦታ ከዓይኗ ጋር እኩል ሲሆን ምቹ ነው። መስመሩ አግድም ከሆነ፣ ልክ እንደ በርጩማ መቀመጫ ጠርዝ፣ ካሜራውን ወደ ጎን አዘንብላችሁ ፎከስ አድርጉና መልሱ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ርብራብ ስታነሱ አንዱን እንጨት ብቻ ለይታችሁ ያዙ፤ ተመሳሳይ እንጨቶች ሲደጋገሙ የአንዱ ላይኛ ከጎረቤቱ ታችኛ ጋር ገጥሞ ያታልላል። ሂርማታ መርካቶ ውስጥ እንደ ቡና ጆንያ ያለ ሸካራ ነገር ላይ ደግሞ ስፕሊቱን ትታችሁ የማይክሮፕሪዝሙን ቀለበት እዩ። ዓይናችሁ ከቪውፋይንደሩ መሐል ካልሆነ የክቡ አንዱ ግማሽ ይጠቁራል፤ በደማቅ ሌንስ እንኳ ከጠቆረ መጀመሪያ ዓይናችሁን አስተካክሉ።

አፐርቸሩን ራሱ የማይዘጋ አሮጌ ሌንስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ ዝጉ፣ አንሱ። የወጣውን ኦሪጂናል ስክሪን ከነብልቃጡ፣ ከአንድ ከረጢት ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት፤ ካሜራውን የምትሸጡ ቀን ገዢው በቅድሚያ የሚጠይቀው እሱን ነው።